ሁለት ጄኔሬተር በአንድ ባስባር ላይ፦ ስለ ሎድ ክፍፍልና ስለ ድሩፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማና ዙሪያዋ ባሉ ቡና ማጠቢያዎች፣ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች ስዞር ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ቁጥሮቹ በሙሉ 50 ሄርዝ ለሚሰጥና በደቂቃ 1,500 ዙር ለሚዞር የናፍጣ ጄኔሬተር ናቸው።

አንድ ትልቅ ጄኔሬተር መግዛት እያለ ለምን ሁለት አጣምረን እንቸገራለን?

ሎዱ (ጄኔሬተሩ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ጭነት) ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አትቸገሩ፣ አንድ ይበቃል። የቡና ማጠቢያ ግን እንዲህ አይደለም። በለቀማ ወቅት እሸቱ ከገበሬው ተሰብስቦ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው፤ መፈልፈያው፣ የውሃ ፓምፑና የግቢው መብራት አንድ ላይ የሚነሱት ያኔ ነው። ንጋት ላይ የሚቀረው አንድ ፓምፕና ጥቂት አምፖል ነው። ለምሽቱ ተብሎ የተገዛው ትልቅ ሞተር ሌሊቱን ከአቅሙ ሩብ በታች እየሠራ ያነጋል።

የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ሰዓት ሲሠራ በቂ ሙቀት አያገኝም። ናፍጣው ተቃጥሎ አያልቅም፤ በጭስ ማውጫው መጋጠሚያዎች ጥቁር ቅባት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሁለት ከሆኑ ሎዱ ሲቀንስ አንዱን ታጠፋላችሁ። አንዱ ቢበላሽም የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ውሃ አጥቶ አያድርም።

ድሩፕ ምንድን ነው? ሎድ ሲገባ ዙሩ መውረዱ ብልሽት ነው?

ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ድሩፕ ማለት ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ባለው ዙርና ሙሉ ሎድ ተሸክሞ በሚኖረው ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከመደበኛው ዙር አንጻር በመቶኛ ሲሰላ ነው። ባዶውን 52 ሄርዝ፣ ሙሉ ሎድ ላይ 50 ሄርዝ ከሆነ ልዩነቱ 2 ነው፤ 2 ለ50 ሲካፈል 4 በመቶ ይሆናል። በዙር ሲታይ ከ1,560 ወደ 1,500 ወረደ ማለት ነው።

ጥቅሙ የሚገባችሁ ሁለት ሲሆኑ ነው። አንድ ባስባር (ሁሉም ኃይላቸውን የሚሰጡበት የጋራ መገናኛ) ላይ የተዘጉ ጄኔሬተሮች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊቀር አይችልም፣ ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ነው። ልዩነት የሚመጣው በፍጥነታቸው ሳይሆን በሚጎትቱት መጠን ነው። አንዱ ከድርሻው በላይ መጎተት ሲጀምር ድሩፑ ዙር እንዲቀንስ ገቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን ክፍል) ያዘዋል፣ ናፍጣውም ይቀንሳል፣ ሎዱ ወደ ጓደኛው ይመለሳል። ድሩፕ ከሌለ ይህን የሚያዝ የለም።

ስንት በመቶ ላድርገው?

ከ3 እስከ 5 በመቶ ባለው ውስጥ ሁኑ። እኔ 4 እወዳለሁ፣ ምክንያቱ ለሒሳብ ስለሚመች ጭምር ነው፦ ባዶ 52፣ ግማሽ ሎድ 51፣ ሙሉ ሎድ 50። ጠዋት ፓነሉን ያየ ኦፕሬተር ፍሪኩዌንሲውን ብቻ ተመልክቶ ጄኔሬተሮቹ ስንት በመቶ እንደተሸከሙ ማወቅ ይችላል።

ድሩፑን ማሳነስ ፍሪኩዌንሲውን ያረጋጋል፣ ክፍፍሉን ግን ስስ ያደርገዋል። እኩል መጠን ባላቸው ሁለት ጄኔሬተሮች ላይ የባዶ ዙራቸው በ0.1 ሄርዝ ብቻ ቢለያይ፣ በ4 በመቶ ድሩፕ በመካከላቸው የሚፈጠረው የሎድ ልዩነት ከአቅማቸው 5 በመቶ ነው። ድሩፑ 1 በመቶ ከሆነ ያቺው 0.1 ሄርዝ 20 በመቶ ልዩነት ታመጣለች። ከምንም በላይ ግን ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ይበልጣል፤ ሁለቱም 5 ቢሆኑ ይሻላል እንጂ አንዱ 4 ሌላው 2 መሆኑ አይጠቅምም።

የድሩፕ ማስተካከያው የት ነው የሚገኘው?

እንደ ገቨርነሩ ነው። የድሮ ሜካኒካል ገቨርነር ያላቸው ሞተሮች ድሩፓቸው በናፍጣ ፓምፑ ውስጥ ባሉት ስፕሪንጎች የተወሰነ ነው፤ ከውጭ የምታገኙት የዙር ቡሎኑን ብቻ ነው። የፓምፑን ማኅተም ሰብራችሁ ውስጥ አትግቡ፤ ያ ሥራ የፓምፕ መፈተሻ ባለው ቤት የሚሠራ ነው። ውድዋርድ ዩጂ-8 የተባለው ገቨርነር ካላችሁ ፊት ለፊቱ ላይ የድሩፕ መዘውር አለው፤ እዚያ ላይ ከ0 እስከ 100 የተጻፈው ቁጥር ግን መቶኛ አይደለም፣ ምልክት ብቻ ነው። 50 ላይ አድርጎ «50 በመቶ ሆነ» ብሎ የደነገጠ ሰው አጋጥሞኛል።

በብዛት የምናየው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ነው። ጂኤሲ ኢኤስዲ5500 ላይ ለምሳሌ ኬ እና ኤል የሚባሉት ተርሚናሎች በሽቦ ካልተገናኙ የድሩፕ ብሎኗን ቀኑን ሙሉ ብታዞሯት ምንም አይለወጥም። «ብሎኗ ተበላሽታለች» ተብሎ አዲስ ሣጥን ሲገዛ አይቻለሁ፤ የጎደለው አንድ ጣት የማትሞላ ሽቦ ነበረች። በኮምፒውተር የሚታዘዙ ዘመናዊ ሞተሮች ደግሞ ብሎን የላቸውም፤ ድሩፑ የሚገባው በአምራቹ ሶፍትዌር ነው።

ድሩፑን ዜሮ ባደርገው ፍሪኩዌንሲው 50 ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም?

ጄኔሬተሩ ብቻውን ከሆነ አዎ፣ ይቆማል፣ ጥሩም ነው። ድሩፕ አልባ የሆኑ ሁለት ጄኔሬተሮችን ሎድ የሚያካፍል መሣሪያ ሳይኖር ካገናኛችኋቸው ግን ይጣላሉ። አንዱ 50.00 ልያዝ ይላል፣ ሌላው በሜትር ልዩነት 50.02 ልያዝ ይላል። ባስባሩ ላይ ያለው ፍሪኩዌንሲ አንድ ስለሆነ ሁለቱም የሚፈልጉትን አያገኙም፤ አንደኛው ናፍጣ እየጨመረ ሎዱን ሁሉ ይጠቀልላል፣ ሌላው ናፍጣውን ዘግቶ በጓደኛው ኃይል እንደ ሞተር መሽከርከር ይጀምራል።

መካከለኛ መንገድ አለ፦ አንዱን ዜሮ፣ ሌላውን በድሩፕ። ድሩፕ ያለው ቋሚ ሎድ ይይዛል፣ ዜሮው የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ሁሉ ይቀበላል። ፍሪኩዌንሲው አይንቀሳቀስም። ግን ዜሮው ላይ በሁለቱም በኩል ቦታ መኖር አለበት፤ ሎዱ ሲወርድ ባዶውን እንዳይቀር፣ ሲጨምር ከአቅሙ እንዳያልፍ አንድ ሰው ፓነሉ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ሌሊት ተረኛው እንቅልፍ በሚጥለው ቦታ ይህን ዘዴ አልመክርም።

አምፔሩን ለማስተካከል የገቨርነሩን ዙር ብነካም እኩል አልሆነ አለኝ። ለምን?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ነው፣ ግማሹ ችግርም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጄኔሬተር ሁለት እጅ አለው። ገቨርነሩ ናፍጣውን ይገዛል፣ ናፍጣ ደግሞ ኪሎዋት ነው። ኤቪአሩ (ቮልቴጅ አስተካካዩ) የማግኔቱን ጉልበት ይገዛል፤ ጎን ለጎን በሚሠሩ ጄኔሬተሮች ላይ እሱ የሚያካፍለው ኪሎቫር ነው፣ ሞተሮች ለማግኔት የሚፈልጉትን ሥራ የማይሠራ ኃይል። አምፔር ሜትር ሁለቱን ደባልቆ ያሳያችኋል፤ ስለዚህ አምፔር አይቶ ገቨርነር መንካት የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው።

በቁጥር እንየው። ባለ ሦስት ፌዝ 400 ቮልት ላይ 180 አምፔር ወደ 125 ኬቪኤ (ጠቅላላ ኃይል) ይሆናል። ፓወር ፋክተሩ (ኪሎዋቱ ለኬቪኤው ሲካፈል) 0.8 ከሆነ ሞተሩ 100 ኪሎዋት እየጎተተ ነው። 0.4 ከሆነ ግን 50 ኪሎዋት ብቻ ነው። አምፔሩ አንድ፣ የሞተሩ ድካም ግማሽ! ፓነላችሁ ላይ የኪሎዋት ሜትር ከሌለ መጀመሪያ እሱን አስገቡ፤ ያለሱ የሚደረግ ማስተካከል ግምት ነው።

ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው?

ከማገናኘታችሁ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጨርሱት። ለብቻው የተበላሸ አመል ያለው ጄኔሬተር ጓደኛ ሲያገኝ አይሻሻልም። ናፍጣ ፊልተሩን ቀይሩ፣ ከገቨርነሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ዘንግ በጣት ነቅንቁት፤ የላላ ጫፍ ካለ በመጀመሪያ እሱን። ሞተሩን ሩብ ሰዓት ያህል አስነስታችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተሞላ ዙር ሲሞቅ ይንቀሳቀሳል።

ቀጥሎ ድሩፑን አብርታችሁ ባዶውን 52 ሄርዝ ላይ አድርጉት። ሎድ አስገቡ። ሙሉ ሎድ ከሌላችሁ ያለውን ተጠቀሙ፣ ግን ሒሳቡን አብራችሁ ቀንሱ፦ 100 ኪሎዋት የሆነው ጄኔሬተር ላይ መፈልፈያውና ፓምፖቹ ተደምረው 50 ኪሎዋት ከሆኑ የምትጠብቁት 50 ሄርዝ ሳይሆን 51 ነው። 50.6 ካሳየ ድሩፑ በዝቷል፣ 51.4 ከሆነ አንሷል። የድሩፕ ብሎኗን በትንሹ ነክታችሁ ሎዱን አውጡ፤ ባዶ ዙሩ ከ52 ስለሚንቀሳቀስ መልሱት፤ እንደገና ሎድ አስገቡ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። ሁለተኛውንም በዚሁ መንገድ፣ በዚያው ሎድ፣ በዚያው ሜትር። በዚያው ሜትር ያልኩት በምክንያት ነው፦ አንዱ ፓነል 52 ሌላው 51.6 ሲያሳዩ ልዩነቱ የሞተሩ ሳይሆን የሜትሮቹ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥሩ የእጅ ሜትር ይዛችሁ ሁለቱንም በእሱ ለኩ።

ቮልቴጁም እንዲሁ፤ ሁለቱም ባዶውን 400 ከሆኑ በአንድ ቮልት ልዩነት ውስጥ አድርጓቸው። ሎድ ሲጠፋ በርሜል ውስጥ ጨው ውሃ ሞልተው ብረት እየነከሩ የሚሞክሩ አሉ። ይሠራል፣ ግን እርጥብ መሬት ላይ 400 ቮልት ነው፤ አታድርጉት።

ብሬከሩን ስዘጋ ጄኔሬተሩ ለምን ድው ይላል?

ከአራት ነገሮች አንዱ አልተገጣጠመም ማለት ነው፦ የፌዝ ቅደም ተከተል፣ ቮልቴጅ፣ ፍሪኩዌንሲና የማዕዘን መገጣጠም። የፌዝ ቅደም ተከተሉ በገመድ ሥራ ጊዜ አንዴ ይረጋገጣል፤ ጄኔሬተሩ ተነቅሎ ከተመለሰ ወይም ጥቅልሉ ከተሠራ ግን እንደገና ይረጋገጥ። ቀሪዎቹ በየቀኑ የኦፕሬተሩ ሥራ ናቸው።

ገቢው ጄኔሬተር ከባስባሩ ትንሽ ፈጠን ይበል፣ የሲንክሮስኮፑ (መገጣጠማቸውን የሚያሳየው ሜትር) ቀስት ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይዙር፣ ከላይ ያለው የመገጣጠሚያ ምልክት ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዝጉ። ፈጠን ማለቱ ገና ሲገባ ጥቂት ሎድ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ዘገም ብሎ ከገባ ሎድ ከመያዝ ይልቅ ራሱ ሎድ ሆኖ ነው የሚገባው። ቀስቱ ከዚያ ምልክት በተቃራኒ ሆኖ መዝጋት ግን ማያያዣውን፣ አንዳንዴም ዘንጉን የሚሰብር ነው።

አንዱ 200 ሌላው 100 ኪሎዋት ናቸው። ሎዱን እኩል ላካፍላቸው?

እኩል ሳይሆን እንደ አቅማቸው። ሎዱ 210 ኪሎዋት ከሆነ እኩል ስታካፍሉት 105፣ 105 ይደርሳቸዋል፤ ትንሹ ከአቅሙ አለፈ፣ ትልቁ ግማሹን ይዞ ይንጎማለላል። ትክክለኛው 140 እና 70 ነው፣ ሁለቱም 70 በመቶ። ድሩፓቸውም ባዶ ዙራቸውም አንድ ዓይነት ከሆነ ይህ ክፍፍል ማንም ሳይነካቸው ይመጣል።

እዚህ ላይ ጅማ የራሷ ነገር አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሳህኑ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ግን ብዙውን ጊዜ ዝቅ ላለ ቦታ የተሰላ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ያጣል፤ ቱርቦ ያለው እንደ ዓይነቱ በጣም ያነሰ። የአልተርኔተሩ (ኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል) በኩልም አለ፦ የአምራቹ የስታምፎርድ መመሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ቀንሱ ይላል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው አሮጌ 100 እና ቱርቦ ያለው አዲስ 100 ጅማ ላይ እኩል 100 አይደሉም። አሮጌው 80 ላይ ጥቁር ጭስ መትፋት ከጀመረ ገቨርነሩ ናፍጣውን ጨርሶ ከፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ ድሩፕ ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም። አቅሙን 80 ብላችሁ መዝግቡና መቶኛውን ከዚያ አስሉ።

ምሽቱን ደህና ሠርቶ ሌሊት ሎድ ሲቀንስ አንዱ በሪቨርስ ፓወር ይወድቃል። ሪሌው ነው የተበላሸው?

ሪሌው (ኃይል ወደ ጄኔሬተሩ ሲመለስ ብሬከሩን የሚያስከፍተው መከላከያ) ሥራውን እየሠራ ነው። አንድ ማጠቢያ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ትንሹ ጄኔሬተር ይወድቅ ነበር። ጥበቃው ሰዓቱን በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፎ ጠበቀኝ፤ ምስጋና ለእሱ፣ ምክንያቱን ያገኘነው ከዚያ ጽሑፍ ነው። ሰዓቶቹ መፈልፈያው ከሚቆምበት ሰዓት ጋር ገጠሙ። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ሪሌውን ከፍ አድርጎ ሞልቶት ሄዶ ነበር፤ ያ ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር እንደ መስበር ነው።

የሆነው ይህ ነው። ትልቁ 200 ኪሎዋት ባዶ ዙሩ 52 ሄርዝ፣ ትንሹ 100 ኪሎዋት ባዶ ዙሩ 51.5፤ ድሩፓቸው ሁለቱም ሙሉ ሎድ ላይ 2 ሄርዝ የሚወርድ። ምሽት ሎዱ 150 ኪሎዋት ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 50.83 አካባቢ ይረጋል፤ ትልቁ 117፣ ትንሹ 33 ኪሎዋት ይይዛሉ። አድልዎ አለ፣ ግን ሁለቱም ይጎትታሉና ማንም አያስተውልም። ሎዱ ወደ 25 ኪሎዋት ሲወርድ ፍሪኩዌንሲው ወደ 51.67 ይወጣል። ይህ ከትንሹ ባዶ ዙር ከ51.5 በላይ ነው! ትንሹ ገቨርነር «ፈጥኛለሁ» ብሎ ናፍጣውን ይዘጋል፤ ትልቁ 33 ኪሎዋት እያመነጨ 25ቱን ለሎዱ፣ 8ቱን ትንሹን ለማሽከርከር ያወጣል። 8 ኪሎዋት ከ100 ላይ 8 በመቶ ነው፤ ሪሌው ከዚያ በታች ከተሞላ ይጥላል፣ ማድረግም አለበት።

መፍትሔው ግማሿን ሄርዝ ማስተካከል ነው፤ ሁለቱም ባዶ ዙራቸው 52 ሲሆን በ25 ኪሎዋትም ቢሆን ትልቁ 17፣ ትንሹ 8 ይይዛሉ። ድሩፖቹ የሚለያዩ ከሆነም ተመሳሳይ በሽታ ይመጣል፦ ሙሉ ሎድ ላይ የተስማሙ ይመስላሉ፣ ሎዱ ሲወርድ ይለያያሉ። ደግሞም በ25 ኪሎዋት ሁለቱን ማሠራት ለናፍጣ ሻጩ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ አንዱን አጥፉት።

ኪሎዋታቸው እኩል ሆኖ የአንዱ አምፔር ለምን ይበዛል?

ገቨርነሩን ተዉት፣ ችግሩ ኤቪአሩ ጋ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ያለው ጄኔሬተር ኪሎቫሩን ሁሉ ይሸከማል፣ ሌላውን ጭምር ይመግባል፤ በመካከላቸው ሥራ የማይሠራ አምፔር ይመላለሳል። ምልክቱ ፓወር ፋክተሩ ነው፦ አንዱ 0.6 ወደ ኋላ የቀረ፣ ሌላው 1 አካባቢ ወይም ወደ ፊት የቀደመ ሲያሳይ። ለዚህ ኤቪአሩም የራሱ ድሩፕ አለው፤ ከአንድ ፌዝ ላይ ባለ ሲቲ (አምፔር የሚለካ ትራንስፎርመር) ይሠራል፣ ኪሎቫር ሲበዛበት ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል። ፓወር ፋክተሩ ዜሮ በሆነ ሙሉ ሎድ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ መውረድ የተለመደ ነው። ይህንን በማሞቂያ ወይም በአምፖል አትሞክሩት፣ ቮልቴጁ ንቅንቅ አይልም፤ የሞተር ሎድ ያስፈልጋል።

አዲስ የተገጠመ ሲቲ ካለ መጀመሪያ አቅጣጫውን ፈትሹ። ጄኔሬተሩን ለብቻው በሞተር ሎድ አሠሩትና የኤቪአሩን ድሩፕ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ቮልቴጁ መውረድ አለበት። ከወጣ ሲቲው ተገልብጧል፤ ጄኔሬተሩን አጥፍታችሁ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሩ። አጥፍታችሁ ያልኩት ለወግ አይደለም፦ አምፔር እያለፈበት ያለ ሲቲ ሽቦው ከተፈታ ጫፉ ላይ የሚገድል ቮልቴጅ ይፈጠራል። በአንዱ ተገልብጦ በሌላው ትክክል የሆነ ሲቲ ገና ብሬከሩ እንደተዘጋ አምፔሩን እየናጠ ያወጣዋል፤ ሰዎች ይህን የሲንክሮናይዝ ችግር ያደርጉታል።

ሎዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወዛወዛል። ምን ልንካ?

በመጀመሪያ ምንም አትንኩ፣ ለዩዋቸው። እያንዳንዱን ለብቻው ሎድ ሰጥታችሁ ስሙት፤ ብቻውን የሚወዛወዝ ካለ እሱ ነው ወንጀለኛው። ብዙ ጊዜ ናፍጣ መሥመር ውስጥ የገባ አየር፣ የተዘጋ ፊልተር ወይም የላላ ዘንግ ነው። ክረምት ላይ ከተበላሸ በርሜል ክዳን የገባ ውሃም አለበት። ኤሌክትሮኒክ ገቨርነር ከሆነ የጌይን (ገቨርነሩ ለለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ጥንካሬ) ብሎኗ አብዝታ ተከፍታ ይሆናል፤ ውዝዋዜው እስኪቆም ቀንሷት፣ ከዚያ ትንሽ ብቻ መልሷት።

ብቻቸውን ደህና ሆነው ሲገናኙ ብቻ የሚወዛወዙ ከሆነ ድሩፓቸው በጣም አንሷል። ከ2 ወደ 4 በመቶ ከፍ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላሉ።

ሎድ የሚያካፍል ኮንትሮለር ከገጠምኩ ድሩፕ ያስፈልገኛል?

ለዕለት ሥራው አያስፈልግም፤ ጥቅሙም ይሄ ነው። ኮንትሮለሮቹ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ የእያንዳንዱን መቶኛ ያመሳስላሉ፣ ፍሪኩዌንሲውም 50 ላይ ይቆማል። የቆዩት በቮልት ነው የሚነጋገሩት፦ ውድዋርድ 2301ኤ ላይ የሎድ ጌይኑ ሙሉ ሎድ ላይ 6 ቮልት እንዲሆን ይሞላል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የማካፈያ ሽቦ ደግሞ 3 ቮልት ይይዛል። የማካፈያ ሽቦው አንዱ ጋ ተገልብጦ ከታሰረ ጄኔሬተሮቹ ሎድ መካፈሉን ትተው ይገፋፋሉ። እንደ ዲፕሲ 8610 ያሉት በዲጂታል መሥመር ይነጋገራሉ፤ መሥመሩ በሁለቱ ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ሦስት ጄኔሬተር ሲሆኑ መካከለኛው ላይም የሚያስሩ አሉ፤ ስህተት ነው።

ግን የድሩፕ ልኩን አትርሱት። የመነጋገሪያው ሽቦ በአይጥ ሲበላ (መጋዘን አጠገብ ያለ ጄኔሬተር ቤት ያለው ሰው ይህን ያውቃል) መጠባበቂያው ድሩፕ ነው። ኮንትሮለሩ መሥመሩ ሲቋረጥ ወደ ድሩፕ እንዲሄድ ሙሉት፣ ወቅቱ ከመግባቱ በፊትም ሽቦውን ነቅላችሁ አንዴ ሞክሩት።

መብራት ሲመጣ ሎዱን ሳላቋርጥ ከመስመሩ ጋር ፓራለል ማድረግ እችላለሁ?

በቴክኒክ ይቻላል፣ ያለ ፈቃድና ያለ ትክክለኛ መከላከያ ግን አይሞከርም። የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ በእናንተ ጄኔሬተር አይነቃነቅም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋዋት ነው፤ የእናንተ 100 ኪሎዋት ከእሱ አንድ ሺህ ስምንት መቶኛ ገደማ ነው። እዚያ ያሉት ግዙፍ ተርባይኖችም በገቨርነር ድሩፕ ነው የሚሠሩት፤ ሕጉ አንድ ነው።

ፍሪኩዌንሲው ስለማይነቃነቅ ዙር መጨመር ማለት ኪሎዋት መጨመር ማለት ነው። ባዶ ዙራችሁ 52፣ ድሩፓችሁ 4 በመቶ ከሆነና መስመሩ ልክ 50 ላይ ከሆነ፣ ብሬከሩ እንደተዘጋ ሞተሩ ወደ ሙሉ ሎድ ይሮጣል። ስለዚህ ዙሩን ወደ 50 አቅርባችሁ ትገቡና ቀስ በቀስ ታወጡታላችሁ። ድሩፕ አልባ ሆኖ መግባት ከሁሉም የከፋ ነው፤ መስመሩ 49.9 ቢሆን ገቨርነሩ አገር ሙሉ ፍሪኩዌንሲ ልመልስ ብሎ ናፍጣውን እስከ ጥግ ይከፍታል። ደግሞ መስመሩ ላይ መብራት ጠፍቶ የእናንተ ጄኔሬተር ሳይለይ ቢቀር፣ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ «መብራት የለም» ብሎ የሚነካው ሽቦ የእናንተ ኃይል ያለበት ነው። ለአብዛኛው ቤት አቋርጦ የሚቀይር ማብሪያ በቂ ነው፤ አምስት ሰከንድ ጨለማ ማንንም አይጎዳም።

ኪሎዋቱም አምፔሩም እኩል ሆኖ የኒውትራል ገመዱ ለምን ይሞቃል?

አሮጌ አልተርኔተርና አዲስ አልተርኔተር አጣምራችኋል ብዬ እጠረጥራለሁ። የውስጥ ጥቅልላቸው አጠማጠም ይለያያል፦ ሁለት ሦስተኛ ፒች የተጠመጠመው ሦስተኛውን ሃርሞኒክ (በ50 ሄርዝ ሦስት እጥፍ የሚመላለሰውን ሞገድ) ያጠፋል፣ ሌላ ፒች ያለው አያጠፋም። ሁለቱ በኒውትራል ሲገናኙ 150 ሄርዝ የሆነ አምፔር በመካከላቸው ይመላለሳል። ሎድ ሳይኖርም እንኳ ክላምፕ ሜትር ስታስሩበት ታዩታላችሁ፤ ፌዞቹ ባዶ ናቸው፣ ኒውትራሉ ላይ ግን ቁጥር አለ።

ገቨርነርም ኤቪአርም ይህን አይፈውሱትም። ኒውትራሎቹን በጊዜው ከሚሠራው ከአንዱ ጋር ብቻ ማገናኘት፣ ወይም መካከላቸው ላይ ሪአክተር (አምፔሩን የሚገታ ጥቅልል) ማስገባት የሚደረግ ነው። በምንም መልኩ ግን ሎዱ ያለ ኒውትራል እንዳይቀር፤ አንዱ ጄኔሬተር ሲጠፋ ኒውትራሉ አብሮ ከተቋረጠ 220 ቮልት የሚጠብቁት አምፖሎችና ፍሪጆች ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርስባቸው ይችላል። ስለዚህ የትኛው ኒውትራል በየትኛው ብሬከር እንደሚከፈት ሥዕሉን ፓነሉ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት።